ሸክላ፣ ካሴትና ሚሞሪ፦ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ስለ ሙዚቃ አደማመጥ የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስለ ሙዚቃ የሚጽፉ ሰዎች፣ በአገራችንም ሆነ በውጭ አገር፣ አንድ ዓይነት አሳብ ደጋግመው ሲያቀርቡ እናያለን። አሳቡ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ሙዚቃ በእጅ በሚያዝ ዕቃ ላይ፣ ይኸውም በሸክላ ወይም በካሴት ላይ በሚኖርበት ዘመን ሰው ልቡን ሰብስቦ ያዳምጥ ነበር፤ ዘፈን ወደ ቁጥርነት ተለውጦ በስልክና በኢንተርኔት መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ግን ማዳመጥ ቀርቶ መስማት ብቻ ሆኗል። ይህ ፍርድ በብዙዎች ዘንድ እንደ ተረጋገጠ ነገር ስለሚቆጠር፣ ማስረጃው ምንድር ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኔ በጅማ ከተማ በመምህርነት ስሠራ፣ በሁለት የቡና ለቀማ ወራት በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰርቦ እየተዘዋወርሁ ሰዎች ሙዚቃን በምን ዕቃ፣ ከማን ጋር፣ በምንስ ሰዓት እንደሚያዳምጡ ለመመልከት ሞክሬአለሁ። ያየሁት ነገር ከላይ ከተጠቀሰው ፍርድ ጋር ሊስማማልኝ አልቻለም። በዚህ ጽሑፍም ፍርዱ የት ላይ እንደሚስት፣ የት ላይ ደግሞ እውነት እንዳለው ለይቼ ለማሳየት እጥራለሁ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ስለ ቃላቱ

ነገሩን ከቋንቋ መጀመር ይሻላል። በአማርኛ ድምፅን በዕቃ ላይ ስለ ማኖር የምንናገርባቸው ግሶች በተለይ ሦስት ናቸው፤ መቅረጽ፣ መቅዳትና መጫን። መቅረጽ የአናጢና የድንጋይ ጠራቢ ግስ ነው፤ የተቀረጸ ነገር በቦታው ጸንቶ ይኖራል፤ የቀራጩም እጅ ይታወቅበታል። መቅዳት ውኃን ከምንጭ፣ ጠላን ከጋን የምናወጣበት ግስ ነው፤ የተቀዳ ነገር ከዕቃ ወደ ዕቃ ይተላለፋል፤ ምንጩም ስለ ተቀዳ አይጐድልም። መጫን ግን የሲራራ ነጋዴ ግስ ነው፤ በቅሎና አጋሰስ ይጫናል፤ የተጫነውም ነገር ከተሸካሚው ጋር አገር አቋርጦ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ማውረድ ይከተላል። ዛሬ ወጣቱ ዘፈንን ከኢንተርኔት «አወረድሁ»፣ በስልኬም ላይ «ጫንሁ» ሲል፣ አያቶቹ በሂርማታ ገበያ በቡና ጆንያ ላይ ይናገሩት የነበረውን ግስ መናገሩን ልብ አይለው ይሆናል።

የአፋን ኦሮሞም ምስክርነት ከዚህ አይርቅም። «ዋራቡ» የሚለው ግስ ውኃን መቅዳትም ነው፣ ድምፅን መቅዳትም ነው። እንግዲህ ሁለቱም ቋንቋዎች ነገሩን የተመለከቱት ከዕቃው ጠባይ ይልቅ ሰው በዕቃው ከሚሠራው ሥራ አንጻር ነው። የዘመናችን ጸሐፊዎች ዘመኑን «የሚጨበጥ» እና «የማይጨበጥ» ብለው ለሁለት ሲከፍሉት፣ ተናጋሪው ሕዝብ ግን ከእነርሱ ቀድሞ ለሦስት ከፍሎታል። እኛም የሕዝቡን አከፋፈል እንከተላለን።

ስለ ሸክላ

የኢትዮጵያ ድምፅ በማሽን መያዝ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዳግማዊ ምኒልክ በፎኖግራፍ የድምፅ መልእክት ልካ ነበር፤ በ1899 ደግሞ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ መልሳቸውን በድምፃቸው ሰጡ። የንግሥቲቱ ድምፅ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ በመታዘዙ ጠፍቷል፤ የምኒልክና የጣይቱ ግን ተጠብቆ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ከዚህ የምንማረው፣ በማሽን የተያዘ ድምፅ ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ተጠብቆ እንዲኖር የታሰበ አለመሆኑን ነው፤ አንዳንዱ ለመኖር፣ አንዳንዱ ተሰምቶ ለማለፍ ይቀረጻል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይም ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈኖቹን በሸክላ አስቀርጿል።

ሸክላ በአገር ውስጥ የንግድ ዕቃ ሆኖ የተስፋፋው ግን ዘግይቶ ነው። በ1948 የሸክላ ማስቀረጽና የማስመጣት ሥራ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምኃ እሸቴ በ1969 ይህን ብቸኛ መብት ደፍሮ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ የታተሙትም በመጀመሪያ በሕንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ነበር። እስከ 1975 ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ቀጥሎም ዓሊ አብደላ ኬይፋ በዚሁ ሥራ ተሰማራ። አብዮቱ ፈንድቶ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ግን የሸክላው ዘመን አከተመ። ስለዚህ «ወርቃማው ዘመን» እየተባለ የሚወደሰው ጊዜ ቢበዛ ዐሥር ዓመት አይሞላም።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በኩል «ኤቶፒክ» በተባለው ተከታታይ ሥራው እነዚህን ሸክላዎች ሰብስቦ እንደገና አሳትሟል። ለዚህ ድካሙ ምስጋና ይገባዋል፤ እርሱ ባይኖር ብዙው ነገር በጠፋ ነበር። በተለይ አራተኛው ክፍል የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ ለዓለም አስተዋወቀ፤ በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ውስጥ ስላስገባውም የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣት ሁሉ ስሙን ዐወቀው። ሙላቱ ደግሞ የተወለደው በ1943 በዚችው በጅማ ነው።

ሂሳችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰብሳቢ የሚጽፈው ታሪክ ሰብሳቢ ያገኘውን ዕቃ ታሪክ ነው። ሸክላ በአዲስ አበባ ቢበዛም፣ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጅማ ጥቂት ነበር፤ በአጋሮና በሊሙ ገነት ደግሞ ከጥቂትም ያነሰ ነበር። አረጋውያን እንደሚነግሩን፣ የሸክላ ማጫወቻ ይገኝ የነበረው በጥቂት ባለጸጎች ቤትና በቡና ቤቶች ነበር። በቡና ቤት ደግሞ ሸክላውን የምትመርጠው ባለቤቲቱ ናት፤ እንግዳው የሚሰማው እርስዋ የከፈተችውን ነው፤ የሚሰማውም እየጠጣ፣ እየተጫወተ፣ እየተከራከረ ነው። ብቻውን በጸጥታ ተቀምጦ የሸክላውን ሁለት ገጽ በሥርዐት የሚያዳምጠው ሰው፣ ጸሐፊዎቻችን እንደ አብነት የሚያቀርቡት ያ አድማጭ፣ በጅማ የሸክላ ዘመን ውስጥ ብንፈልገው አናገኘውም። እርሱን የምናገኘው ኋላ፣ በድጋሚ እትሙ ዘመን፣ በአውሮፓ ከተማ በአንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ ነው።

ይህን ስል ራሴን ነጻ አላወጣም፤ ያ ተማሪ እኔም ነበርሁና። በውጭ አገር ስማር የሙላቱን ሸክላ ከኪሴ አቅም በላይ በሆነ ዋጋ ገዝቼ፣ ማታ ማታ መብራት አጥፍቼ አዳምጥ ነበር። ናፍቆቴን ያስታግስልኝ ስለ ነበር የአገሬን ሰዎች አደማመጥ የተማርሁ መሰለኝ። የተማርሁት ግን የስደተኛን አደማመጥ ነበር።

ስለ ካሴት

የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን በ1963 ለዓለም አቀረበ፤ በአገራችን በሰፊው ተሠራጭቶ የሸክላን ቦታ የወሰደው ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ለጅማና ለአካባቢዋ የድምፅ ታሪክ በእውነት የተጀመረው ከዚህ ነው ብል ስሕተት አይመስለኝም። ምክንያቶቹም ግልጽ ናቸው። ቴፕ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት ወደሌለበት የቡና መንደር ይገባል። ካሴት ርካሽ ነው፤ ቢወድቅ አይሰበርም፤ ጥሩ ቢበጠስ በሙጫ ይቀጠላል፤ ቢላላም በእርሳስ ይጠቀለላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ሸክላ ማጫወቻ የሰውን ድምፅ ማሰማት ብቻ ሲችል ቴፕ ድምፅን መቀበልም መቻሉ ነው። ገበሬው ቴፕ በገዛ ዕለት አድማጭ ብቻ ሳይሆን ቀጂም ሆነ።

በዚህም ምክንያት በሸክላ ዘመን ድምፃቸው ያልተሰማ ሰዎች በካሴት ተሰሙ። ሸክላዎቹ በአብዛኛው በአማርኛ ነበሩ፤ በአፋን ኦሮሞ የታተሙት ጥቂቶች ናቸው። የዓሊ ቢራ ድምፅ ወደ ጅማ ገጠር በስፋት የገባው በካሴት ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ ነው፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2010 የክብር ዶክተርነት ሲሰጠው የብዙ ቤት ትዝታ አብሮ እንደ ተከበረ መቁጠር ይቻላል። ከዚህም ሌላ የሰርግ ዘፈን፣ ገራርሳና መንዙማ፣ አንድም ነጋዴ ለማሳተም ያላሰባቸው ዜማዎች፣ በየቤቱ በካሴት ተይዘዋል። የጅማን የሙዚቃ ታሪክ በሸክላ ብቻ የሚጽፍ ሰው እንግዲህ የአገሩን አብዛኛውን ሕዝብ ዲዳ አድርጎ ይጽፈዋል። በድጋሚ እትሞች ላይ ያለን ቅሬታ የምርጫና የጣዕም ጕዳይ ብቻ አይደለም የምንለው ስለዚህ ነው።

በጅማ ከተማ ቀድሞ የካሴት ነጋዴ የነበሩ አንድ ሐጂ ዛሬ ጫማ ይሸጣሉ። ከሱቃቸው ጓዳ ግን በእንጨት ሣጥን ውስጥ ብዙ ካሴት ይገኛል።

«እነዚህን አሁን ማን ይገዛዎታል፣ ሐጂ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለሽያጭ አይደሉም፣ ልጄ። የሞቱ ሰዎች ድምፅ አለባቸው፤ እንዴት አድርጌ እጥላቸዋለሁ?» አሉኝ።

አንዱን አውጥተው በአሮጌ ቴፕ አሰሙኝ። በማና ወረዳ በአንድ መንደር የተቀዳ የሰርግ ዘፈን ነበር። ከዘፈኑ በፊት ዶሮ ይጮኻል፤ አንዲት ሴት ቡና እንዲቀርብ ትጣራለች፤ ከዚያ በኋላ አውራጅዋ ትጀምራለች። ሦስት ያህል ደቂቃ እንደ ሰማን ቴፑ ካሴቱን በላው። ሐጂ ምንም ሳይናገሩ ጥሩን በጣታቸው ቀስ ብለው አወጡ፤ የተጨማደደውን በጥፍራቸው ዳመጡት፤ ካሴቱንም ወደ ሣጥኑ መለሱት። በካሴቱ ጀርባ ላይ በእጅ የተጻፈው የሙሽራው ስም ብቻ ነው፤ የአውራጅዋ ስም የለም።

ጅማ ዝናብና እርጥበት የበዛበት አገር ነው፤ ሻጋታ ለብራናም ለካሴት ጥርም አይራራም። ጥሩ ቢደርቅና ቢሻግት ድምፁ ዳግመኛ አይመለስም። የሐጂን ሣጥን የሚመስሉ ሣጥኖች በአጋሮም በሰርቦም አይቻለሁ። ሰብሳቢዎች ለአንዲት ትንሽ ሸክላ ብዙ ገንዘብ ሲከፍሉ፣ እነዚህን ሣጥኖች ግን የሚጠይቃቸው ሰው የለም።

ስለ ሚሞሪ

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ዘፈን ወደ ቁጥርነት ተለውጧል ስለ ተባለ ዕቃነቱ ቀርቷል ማለት አይደለም። በአጋሮ ገበያ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ያየሁትን ልናገር። ሱቋ አንድ ኮምፒዩተርና በደጃፏ ላይ አንድ ድምፅ ማጉያ አላት። አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ቡናቸውን ሸጠው መጡ፤ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ከጀርባው ጥፍር የምታህል ሚሞሪ አወለቁና ለወጣቱ ሰጡት። ንግግራቸው በአፋን ኦሮሞ ነበር።

«ምን ልጫንልዎ፣ አባባ?»

«የሰርጉንም፣ መንዙማውንም፣ የድሮውንም። አንተው ምረጥ፤ እስኪጠግብ ሙላልኝ።»

ወጣቱ ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጡ፣ በቤታቸው ልጆች እንዳሉ፣ ስልኩንም ማን እንደሚይዘው ጠየቃቸው፤ ከዚያ በኋላ እየለየ ጫነላቸው። እኛ በመጽሔት ላይ እንደ ታላቅ ነገር የምንሠራውን የምርጫ ሥራ ይህ ወጣት በቀን ስንት ጊዜ ይሠራዋል። እርሱ ሐያሲ ነው፤ የመድበል አዘጋጅም ነው፤ ሂሱንም ሰው በማግሥቱ ተመልሶ ያርምለታል።

ያቺ ሚሞሪ በኪስ ትያዛለች፤ ትጠፋለች፤ ትሰረቃለች፤ ለጎረቤት ትዋሳለች። መረብ በማይደርስበት የቡና ጫካ ውስጥም ትዘፍናለች። እንግዲህ ከሸክላ ይልቅ ለባለቤቷ ትቀርባለች። በአንጻሩ በኢንተርኔት የሚሰማው ዘፈን ሌላ ጠባይ አለው፤ የሚሰማው ጥቅል እስኪያልቅ፣ መረብም እስኪቋረጥ ብቻ ነው። ሐጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2020 መጨረሻ በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በዚያ ጊዜ የሟቹን ዘፈን ሊሰማ የወደደ ሰው፣ በሚሞሪ ጭኖት የነበረ እንደ ሆነ ሰማው፤ ከኢንተርኔት ብቻ ይሰማ የነበረ ግን ዝም ብሎ ተቀመጠ። በሁለቱም እጅ ያለው ዘፈን በቁጥር የተያዘ ነበር፤ ልዩነቱ ከየት መጣ?

እንግዲህ የነገሩ ቍልፍ ይህ ነው። ድንበሩ በሚጨበጥና በማይጨበጥ መካከል አይደለም፤ በእጅ ባለና በሰው እጅ ባለ መካከል ነው። ሸክላ፣ ካሴትና ሚሞሪ በአንድ ወገን ይቆማሉ፤ የአድማጩ ናቸውና። በሌላው ወገን የቡና ቤቷ ሸክላ፣ ሬዲዮና የኢንተርኔት ዘፈን ይቆማሉ፤ ሌላ ሰው ሲከፍተው ይከፈታል፣ ሲዘጋው ይዘጋልና። ይህን አከፋፈል የተከተለ ተመራማሪ፣ የ1970ን ቡና ቤትና የዛሬውን ዩቲዩብ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ለማስገባት አይቸገርም።

ስለ ማኅበር

ሁለተኛው ክርክር፣ አዲሱ ዕቃ ሰውን ብቸኛ አድርጎታል የሚለው ነው። በጅማ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጡ ሰዎችን የተመለከተ ሰው ይህን ለመቀበል ይቸገራል። መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ስለሚደምቅ ሙዚቃው ከጨዋታው በታች ይሆናል፤ ምርቃናው ሲመጣ ንግግር ይቀንሳል፣ መንዙማ ወይም ቀዘቀዝ ያለ ዜማ ይከፈታል፣ ሁሉም በአንድነት ዝም ብሎ ያዳምጣል። የሚያሰማው ስልክ የአንድ ሰው ነው፤ ማዳመጡ ግን የማኅበር ነው። ዘፈኑን የሚለውጠውም ሰው የተቀማጮቹን ፊት አይቶ ነው እንጂ እንደ ፈቀደው አይለውጥም። በካሴት ጊዜም ሥርዐቱ ይኸው እንደ ነበረ ሽማግሌዎቹ ይመሰክራሉ። ዕቃው ሦስት ጊዜ ሲለወጥ የበርጫው ሥርዐት አልተለወጠም።

ለብቻ መስሚያ የተባለው የጆሮ ማዳመጫ እንኳ በዚህ አገር ሌላ ጠባይ አግኝቷል። ከጅማ ወደ አጋሮ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች አንዱን ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለው፣ አንዱ በቀኝ ጆሮው ሌላው በግራ ጆሮው ሲሰሙ ማየት የዘወትር ነገር ነው። ከአንድ መሶብ መብላት የለመደ ሰው ከአንድ ገመድ መስማት አይከብደውም።

ስለ ቡና ለቀማ ግን አንድ ቅሬታ አለ፤ እርሱንም መሸሸግ አይገባም። ለቃሚዎች ስልክ ስለሚከፍቱ ራሳቸው መዝፈን ቀንሰዋል እያሉ አንዳንድ እናቶች ያዝናሉ። ይህ ቅሬታ በቴፕ ጊዜም ይሰማ እንደ ነበረ የነገሩኝ እነርሱው ናቸው። ቢሆንም ቅሬታው ስለ ደጋገመ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ሁለት ጊዜ የተቈረጠ ዛፍ ሁለት ጊዜ ተቈርጧልና። ልንመረምረው የሚገባው በየትኛው ሥራ ላይ ዘፈን እንደ ቀረና በየትኛው ላይ እንደ ጸና ነው።

ስለ ስም

የአዲሱ ዕቃ ነቃፊዎች ፈጽሞ ተሳስተዋል ማለት አይደለም። በአንድ ነገር ላይ እውነት አላቸው፤ ያም ነገር ከሚያለቅሱለት ከድምፁ ጥራትና ከሽፋኑ ውበት የሚበልጥ ነው። ይኸውም ስም ነው።

ታትሞ በሚሸጥ የካሴት ሽፋን ላይ ግጥሙ የማን እንደ ሆነ፣ ዜማው የማን እንደ ሆነ፣ ያቀናበረውም ማን እንደ ሆነ ይጻፍ ነበር። ዘፈኑ በሚሞሪ ሲጫን ግን ብዙ ጊዜ የዘፋኙ ስም እንኳ ይጠፋል፤ «ትራክ 1» እየተባለ ይሄዳል። ነጋዴው ጭነቱን ሲጭን ምልክቱን ከጆንያው ላይ ፍቆታል ማለት ነው። የገጣሚው ስም ሲጠፋ ክብሩ ብቻ ሳይሆን እንጀራውም ይጠፋል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ2004 ወጥቶ በ2014 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል፤ በ2019 ደግሞ ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ ዘፈን በስልክ በሕግ የሚሸጥበትን «አውታር» የተባለውን መተግበሪያ ለሕዝብ አቀረቡ። ዳሩ ግን በአጋሮ ሱቅ ውስጥ የሚጫነው ዘፈን ለገጣሚው ሳንቲም አያስገባም። ከቤት ወደ ቤት የተቀዳው ካሴትም እንዲሁ አላስገባም ነበር፤ ስለዚህ በደሉ ከሚሞሪ ጋር የተጀመረ ሳይሆን በሚሞሪ የባሰበት ነው። የሰርጉ ካሴት የሙሽራውን ስም ይዞ የአውራጅዋን ስም መተዉም ይህንኑ ያሳየናል።

መደምደሚያ

ከውጭ አገር ይዤው የመጣሁትን የሙላቱን ሸክላ አንድ ቀን ለተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ አሰማኋቸው። ይህ ሰው የከተማችሁ ልጅ ነው ብዬ ስለ ሸክላው ዘመን ብዙ ተናገርሁ። በመካከሉ መብራት ጠፋና ሸክላው እየዘገየ፣ እየጐረነነ ቆመ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ በሚሞሪ ሊጫን ይችላል?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው አስቀይሞኝ ነበር፤ እንደ ድፍረት ቈጥሬው ነበር። ሆኖም በቁጥር የተለወጠውን ቅጂ ሰጠሁት። ሳምንት ያህል ቆይቼ ከግቢው በር አጠገብ በቆመ ባጃጅ ውስጥ ያንኑ ዜማ ሰማሁት። ባለባጃጁን ማን ነው ይህ ብዬ ብጠይቀው፣ «የጅማ ሰው ነው አሉ» ብሎ መለሰልኝ። ስሙን አላወቀውም። በዚህ በአንዲት መልስ ውስጥ የመጫን መልካምነትም ጉዳትም አብረው ይገኛሉ፤ ዜማው ወደ ተወለደበት አገር ተመልሷል፤ ስሙ ግን በመንገድ ቀርቷል።

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ለአንድ ተግባር ካልጠቀመ የቃላት ክርክር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለማኅበራችን አባላትና ለከፍተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህን አቀርባለሁ። በጅማና በቡና ከተሞቿ በየሣጥኑ ያሉት ካሴቶች ሳይበላሹ ይቀዱ፤ በሚቀዱበትም ጊዜ ማን እንደ ዘፈነ፣ ማን እንደ ተቀበለ፣ የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደ ሆነ ከባለቤቶቹ አፍ ይጻፍ። የግጥሙን ቃል ብቻ ጽፈን የተሰማበትን ሁኔታ የምንተውበት ልማድ ይቅር፤ የዶሮው ጩኸትና የቡናው ጥሪም የጥናቱ ክፍል ናቸው። ዘፋኞቹ ወይም ወራሾቻቸው ይፈቅዱ እንደ ሆነ ይጠየቁ፤ ተሰምቶ እንዲያልፍ ብቻ የተቀዳ ድምፅ ቢኖር ባለቤቱ የጠየቀው ይፈጸም። ቅጂውም በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ማዶ ብቻ ተከማችቶ አይቅር፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ወይም በከተማዋ ቤተ መዘክር አንዱ ይቀመጥ፤ ሌላው ለባለቤቱ ቤተሰብ በሚሞሪ ተጭኖ ይመለስ።

ይህን አሳብ ለሐጂ ገልጬላቸው ነበር። ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ «ቅጂው ይሂድ፤ ዋናው ግን ከዚህ አይወጣም። የአውራጅዋንም ስም እኔ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ እርሱን ጻፍ» አሉኝ። ሥራውን በዚህ ትእዛዝ ጀምረናል።